ስንቄን ያመላለሰ እግር

ሰኞ፣ ጥር 18 ቀን 2012

ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተራ ነበርኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ረዳቱ ሻንጣዬን ተቀብሎ ጣሪያ ላይ ጫነው። ፌስታሉን ግን አልሰጠሁትም፤ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ውስጡ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ስድስት ሳሙናና ሁለት ትልልቅ ቫዝሊን አለ። ጧፉና ዕጣኑ ለሐሙስ ነው። ሐሙስ አስተርእዮ ማርያም ናት፤ እምዬ ካረፈች ዓመት ይሞላታል። ሳሙናውና ቫዝሊኑ ግን የእጅ ልማድ ነው። አገር ቤት ስሄድ እሱን ሳልይዝ ሄጄ አላውቅም። ትናንት ሱቅ ገብቼ «ስድስት ሳሙና» አልኩ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። እንደሌለች ትዝ ያለኝ በሩ ላይ ስደርስ ነው።

እምዬ የእናቴ እናት ናት። እናቴ ለሥራ አዲስ አበባ ስትገባ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እምዬ ናት። ሁለቱም እግሮቿ ከጉልበት በታች አብጠው ከ50 ዓመት በላይ ኖራለች። አገሬው ዝሆኔ ይለዋል። እሷ ግን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ይኼ ነገሬ» ነበር የምትለው።

አውቶቡሱ 12 ሰዓት ሲል ተንቀሳቀሰ። እንጦጦን ወጥተን ሱሉልታ ሜዳ ላይ ስንወርድ ጭጋጉ ገና መሬቱን አልለቀቀም። ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ፍቼ። ፍቼ ላይ ሻይ በዳቦ ቀመስን። ወሩ የሰርግ ወር ነውና አጠገቤ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ለሰርግ ነው የሚሄዱት። ስለ ሙሽራዋ ጥሎሽ እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ አወሩ። ደስ የሚል ወሬ ነው። እኔ ግን እምዬን አሰብኩ። በመንደራችን ሰርግ ሁሉ ጠላ የምትጠምቀው፣ ዳቦ የምትደፋው እሷ ነበረች። ዳሱ ውስጥ ስትቀመጥ ግን አይቻት አላውቅም። ጓዳ ውስጥ ከማድጋ ጀርባ ሆና ትበላለች። ሰው «ነይ ውጪ እንጂ» ሲላት «እሳቱን ማን ያየዋል?» ትላለች። ልጅ ሆኜ እውነቷን ይመስለኝ ነበር።

ከጎሃ ጽዮን በኋላ አባይ በረሃ ነው። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ ቁልቁለቱን ጀመረ። ሙቀቱ ከታች ወደ ላይ ይመጣል፤ ሹራብ የለበሰ ሁሉ ማውለቅ ያዘ። ዝንጀሮዎቹ እንደ ልማዳቸው መንገድ ዳር ተቀምጠው መኪና ያያሉ። ታች ስንደርስ በአዲሱ ድልድይ ተሻገርን፤ አሮጌው ጎን ለጎን ቆሟል። እምዬ ይህን ወንዝ አንድም ቀን ሳትሻገር ሞተች። አዲስ አበባ እንድትመጣ ስንት ጊዜ ለመንኳት። «ይህን እግር ይዤ የሰው አገር ምን ልሠራ?» ትላለች፤ ወሬ ትቀይራለች።

ደጀን ላይ ምሳ በላን። ከደጀን በኋላ ያለውን መንገድ ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ አፈሩን ልብ ብዬ ያየሁት ግን ዛሬ ነው። መጀመሪያ መረሬ ነው፤ ጥቁር፣ የተሰነጣጠቀ። የጤፍ ክምሩ ገና አልተወቃም። ሉማሜን አልፈን ወደ ማርቆስ ስንቃረብ መሬቱ መቅላት ይጀምራል። መንገዱ የተቆረጠበት ገደል እንደ በርበሬ ቀልቷል። እምዬን የያዛት ይህ ቀይ አፈር ነው። ከጥንት የእሳተ ገሞራ ዐለት የተፈጠረ ሸክላማ አፈር ነው። ደጋ ላይ፣ ዝናብ በሚበዛበት አገር፣ ዕድሜ ልኩን በባዶ እግሩ የሚረግጠው ሰው በቆዳው በኩል እጅግ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣት ይገባበታል። ቅንጣቱ በሥጋ መሀል ያለውን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ሥሮች ያቆስላል፣ ይደፍናል። ፈሳሹ መሄጃ ሲያጣ እግር ያብጣል። ትንኝ ከሚያመጣው ዝሆኔ የተለየ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን ለመንደራችን የነገረው ሰው አልነበረም።

10 ሰዓት ሲሆን ማርቆስ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ማርቆስ ጠዋት ጠዋት ያስተክዛል። ከጮቄ በኩል የሚመጣው ነፋስ ንጹሕ ነው። ድሮ ምንቆረር ትባል የነበረች ከተማ ናት፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው ስሟን የለወጡት። እኔ ደግሞ ከሰባተኛ ክፍል እስከ አሥረኛ የተማርኩባት፣ በኪራይ ቤት ከሦስት ልጆች ጋር የኖርኩባት ናት።

ጠዋት ወደ ድሮው ትምህርት ቤቴ ሄድኩ። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መግባት አልፈለግሁም፤ የፈለግሁት በሩን ነው።

ይህን ነገር ለማንም አውርቼው አላውቅም። ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ረፍት ላይ ዘበኛው መጥቶ «አንዲት ጎረቤታችሁ ስንቅ ይዛልሽ መጥታለች» አለኝ። የቱ ጎረቤት ይሆን እያልኩ ወጣሁ። እምዬ ናት። በሩን ተደግፋ ቆማለች፣ በትሯን ይዛለች። ቀሚሷ መሬት ይጠርጋል፤ እግሯን እንዲሸፍንላት ሁልጊዜ አንድ ጋት አስረዝማ ነው የምታሰፋው። ጓደኞቼ ከኋላዬ ነበሩ። ስታየኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እምዬ ልካኝ ነው በያቸው» አለችኝ።

እኔም እንደዚያው አልኩ።

አገልግሉን ተቀበልኳት። በሶው፣ ድርቆሹ፣ ሽሮው፣ በወረቀት የተጠቀለለው በርበሬ። ጉንጬን እንኳ ሳትስመኝ ተመለሰች፤ ጎረቤት አይስምምና። እኔን ከኀፍረት ለማዳን መንገድ ላይ ስታወጣ ስታወርድ የመጣችው ሐሳብ መሆን አለበት። እስከ አሥረኛ ክፍል ድረስ በየሁለት ሳምንቱ መጣች። ሁልጊዜም ጎረቤት ሆና መጣች። አንድ ቀን እንኳ ዘበኛውን «ጎረቤት አይደለችም፣ አያቴ ናት» አላልኩትም።

ቆየሁ እዚያ። የረፍት ደወል ሲደወል ልጆቹ ወጡ። ብዙዎቹ ሸራ ጫማ አድርገዋል።

ከሰዓት በኋላ ጫማ ሠሪውን ፈልጌ አገኘሁት። በ2003 ግድም ማርቆስ ላይ ለእግር እብጠት ሕክምና መስጠት ሲጀመር፣ ለእንደ እምዬ ዓይነት እግር በልክ ጫማ ይሠሩ ከነበሩት አንዱ እሱ ነው። ከመንገዱ ዳር ጠባብ ሱቅ አለችው። ማን እንደሆንኩ ስነግረው መዶሻውን አስቀመጠ። «የባለ አገልግሏ ልጅ?» አለኝ። ጫማዋን ልትወስድ ስትመጣ ሁልጊዜ ቆሎ ይዛለት ትመጣ ነበርና።

ከመደርደሪያው በላይ የካርቶን ክምር አለው። ሰው ሲመጣ እግሩን ካርቶን ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ ያሰምራል፤ ያንን ነው ቆርጦ የሚያስቀምጠው። ፈልጎ ፈልጎ ሦስት ጥንድ አወጣ። የ2004፣ የ2006፣ የ2009። በእያንዳንዱ ላይ «እምዬ ቀኝ»፣ «እምዬ ግራ» ብሎ ጽፎበታል። ስሟን ሲጠይቃት «እምዬ በለኝ» ብላው ነው።

ጠረጴዛው ላይ ደራርቤ አስቀመጥኳቸው። የ2004ቱ ሰፊ ነው፤ ጣቶቹ አይለዩም፣ እንደ ድንች ዙሪያው ተንጋዷል። የ2006ቱ ጠበብ ብሏል። የ2009ኙ ቀኝ እግር ላይ አውራ ጣቷ ራሱን ችሎ ይታያል። እኔ በዕድሜዬ ያላየሁት አውራ ጣት ነው። አብሬያት ስኖር እግሯን ጨርቅ ሳትጠመጥም አይቻት አላውቅማ። ጫማ ሠሪው ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ከዚያ የ2009ኙን ጥንድ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ዛሬ በእግሬ ልሄድ ወሰንኩ። ከማርቆስ እስከ መንደራችን፣ እምዬ ስንቄን ይዛ የመጣችበትን መንገድ። አጎቴ ስልክ ላይ «ምን ነካሽ ልጄ? ባጃጅ ሞልቷል፣ እስከ ወንዙ ያደርስሻል» አለ። አይሆንም አልኩት።

12 ሰዓት ተኩል ተነሣሁ። መንገዱ ወደ ደብረ ኤልያስ የሚወስደው ነው። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናት፤ በልጅነቴ አኩፋዳ ያነገቡ የቆሎ ተማሪዎች በዚህ መንገድ ሲመላለሱ አይ ነበር። ዛሬም ሁለት ልጆች አገኘሁ። ደበሎ ለብሰዋል፣ እግራቸው ባዶ ነው። ዳቦ ሰጠኋቸው። ወደ እግራቸው ማየት ማቆም ግን አልቻልኩም።

እምዬ በመጨረሻ ዓመታቷ አንዴ የመንገዷን ነገር አጫውታኛለች። «ሰባት ቦታ ነው የማርፈው» አለችኝ። «መጀመሪያ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ከዚያ የጨው ነጋዴዎቹ ድንጋይ፣ ከዚያ ሾላው...» እያለች በጣቷ ቆጠረችልኝ። ልጄ ታስታውሳለች ብላ ሳይሆን ራሷ ስለምትወዳቸው ነው የቆጠረችው። የመንገድ ወዳጆቿ ነበሩ።

እኔ ከማርቆስ ስለተነሣሁ ከኋላ ወደ ፊት ነው የቆጠርኳቸው። ባሕር ዛፉ ተቆርጧል፣ ሌላ በቅሏል። ሾላው አለ። ሥሩ ተቀመጥኩ፣ ውኃ ጠጣሁ። ሰውነቴ ገና አልደከመም፤ እሷ ግን ከማርቆስ ስትመለስ እዚህ ስትደርስ አምስተኛ ማረፊያዋ ነው።

ከሁሉ የቆየሁበት ወንዙ ዳር ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ለማርቆስ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ነው የሚገኘው። እዚህ ጋ ተቀምጣ እግሯን ታጥባለች። ቀዩን አፈር ታስለቅቃለች፣ ጨርቁን ፈትታ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ትጠመጥማለች። እርጥቡን ጨርቅ ድንጋይ ሥር ደብቃ፣ ስትመለስ ደርቆ ታገኘዋለች። «ከተማ ሲገባ ሰው እንዳይሸተው ብዬ» አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ሐዘን አልነበረም፤ ዘዴዋን ነበር የምታስረዳኝ። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ውኃው ውስጥ ከተትኩ። በጣም ይቀዘቅዛል።

የሚገርመኝ ነገር፣ ሳታውቀው መድኃኒቷን ነክታው ነበር። ለዚህ ሕመም ዋናው ሕክምና እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ ነው። በየቀኑ። በሳፋ ውኃ ላይ ትንሽ በረኪና ጠብ አድርጎ እግርን መዘፍዘፍ፣ በጣቶቹ መሀል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ይኸው ነው። በዚያ ረጅም መንገድ አንድ ጊዜ ያጠበችውን እግር ቤቷ ገብታ በየማታው እንድታጥበው የነገራት ቢኖር!

የነገሯትማ ሌላ ነው። የእባብ ሬሳ ረግጣ ነው አሉ። እርግማን ነው አሉ። በዘሯ ያለ ነው አሉ። ስለ ዘር የሚሉት አንድ እውነት አለው፤ አንዳንድ ቤተሰብ ሲወለድ ጀምሮ ለዚህ አፈር የተጋለጠ እንደሆነ ተመራማሪዎች ወላይታ ላይ ባደረጉት ጥናት አግኝተዋል። ግን ተጋላጭ ሆኖ የተወለደውም ቢሆን ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ አይዘውም። ያኛውን ግማሽ ማን ይንገር? አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። የተቀበላት ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ እግሯን ሳይነካ «ለዚህ መድኃኒት የለውም» ብሎ መለሳት። ከዚያ ወዲያ 20 ዓመት ሐኪም ፊት አልቀረበችም።

በሽታውን ከአፈር ጋር ያያያዘው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1970ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ከግሪክኛው እግርና አቧራ አውጥቶ ሰጠው። ያኔ እምዬ በጉልበቷ ነበረች። እውቀቱ ከኢትዮጵያ ምድር ተገኝቶ እሷ ዘንድ ለመድረስ 40 ዓመት ፈጀበት። ይህን ሳስብ እናደዳለሁ። ዛሬም ወንዙ ዳር ተቀምጬ ተናደድኩ።

እሷ ግን አንድ ነገር በራሷ ደርሳበታለች። «መሬቱ ነው የያዘኝ» ትል ነበር። ለዚህ ነው ከመንደሩ ልጆች ሁሉ እኔ ብቻ ጫማ የነበረኝ። እንቁላል ሸጣ ኮንጎ ጫማ ገዛችልኝ። ሲጠበኝ ጌሾ ሸጣ ሌላ ገዛችልኝ። ጓደኞቼ በባዶ እግራቸው ሲሮጡ እኔም አውልቄ እሮጣለሁ። ያየችኝ ቀን ወዮልኝ! እኔን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታችኝ፣ እሱም ለጫማ ነው። ለራሷ የሚሆን ጫማ ግን በገበያው አልነበረም። ያን እግር የሚያስገባ ማን ይሠራል?

መንደራችን ስደርስ 5 ሰዓት ከ20 ሆኗል። አምስት ሰዓት ሊሞላኝ 10 ደቂቃ ነበር የቀረው፣ ያውም ባዶ እጄን። እሷ ሌሊት በዶሮ ጩኸት ተነሥታ ማርቆስ የምትደርሰው በረፍት ሰዓት ነበር። ከዚያ ደግሞ መመለስ አለ። አንዳንዴ በማግሥቱ ሚች ይመታታል፤ እግሯ እንደ እሳት ይግላል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ሦስት አራት ቀን ትተኛለች። ዳማ ከሴ ያሹላታል። እኔ ማርቆስ በሶዬን እበጠብጣለሁ።

አጎቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። እግሬን አየና ሚስቱን «ውኃ አሙቂላት» አላት።

ሐሙስ፣ ጥር 21

የአስተርእዮ ማርያም። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ነበርን። ፍትሐቱ ተደረገ፣ መቃብሯ ላይ ዕጣን ታጠነ፣ ጧፉን አበራሁ። መቃብሯ ከዋንዛው ሥር ነው። ገና ሐውልት አልተሠራለትም፤ ድንጋዩ ዙሪያውን ተደርድሯል፣ ሣር በቅሎበታል።

ከዚያ ዳሱ። የአጎቴ ሚስት ሳምንት ሙሉ ስትደግስ ነው የከረመችው። ጠላው፣ ዳቦው፣ ወጡ፣ ንፍሮው። ሰዉ መጣ። ያኔ ጓዳ ትበላ የነበረችውን ሴት ለመዘከር መንደሩ ሁሉ ዳስ ውስጥ ተቀመጠ። ብዙው ሰው በደግነቷ አነሣት። አንዱ ሽማግሌ የከተራ ቀን ጠላዋን አነሡ።

ነፍስ አባቷ አጠገቤ ተቀመጡ። አርጅተዋል፤ መስቀላቸውን የሚይዘው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «አንቺ የሰጠሻት ሳሙና አለቀ ወይ?» አሉኝ። ተሳስተው መስሎኝ ዝም አልኩ። ከዚያ አወሩኝ።

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ካህናት የምእመኑን እግር ያጥባሉ፤ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበት ቀን ነውና። የወይራና የወይን ቅጠል ይዘው ተራ በተራ ያጥባሉ። እምዬ በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አትቀርም። ስግደቱን ትሰግዳለች፤ አዎ፣ በዚያ እግሯ ትሰግዳለች። እጥበቱ ሲጀመር ግን ከግንቡ ጀርባ ትሄዳለች። «ስንት ዓመት ነፍስ አባቷ ሆኜ እግሯን አይቼው አላውቅም» አሉኝ። «እኔም አልጠየቅኋትም። ለምን እንደማልጠይቅ አሁን ሳስበው ያመኛል።»

የማርቆሱ ሕክምና ተጀምሮ ሁለት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ቤት ድረስ መጥታ ሳፋውን፣ ሳሙናውን፣ አስተጣጠቡን አሳይታታለች። እምዬ መጀመሪያ አላመነቻትም። ከዚያ አንድ ወር ሞከረችው። ከዚያ አልተወችውም። ሽታው ጠፋ። ቁስሉ ደረቀ። በወር አንዴ የሚጥላት ሚች በዓመት አንዴ ሁለቴ ሆነ። እብጠቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ቀለለ።

የዚያን ዓመት ጸሎተ ሐሙስ ከግንቡ ጀርባ አልሄደችም። ተራዋን ጠብቃ መጣች። ተቀመጠች። የቆዳ ጫማዋን ፈታች፣ ካልሲዋን አወለቀች፣ ጠቅልላ ጫማው ውስጥ ከተተች። እግሯን ዘረጋች። ቄሱ ቀና ብለው ሲያዩዋት «በሳሙና ታጥቤ ነው የመጣሁ አባቴ፣ አይጸየፉኝ» አለቻቸው።

«አጠብኳት» አሉኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ወሰዱት።

ይህን እምዬ አልነገረችኝም። በስልክ ስንገናኝ «ሳሙናዬን እንዳትረሺ» ብቻ ነበር የምትለኝ።

አንድ ነገር ሳልጽፍ አላድርም። ዳሱ ውስጥ ሰው ሲበዛ ዳቦ ለማምጣት ጓዳ ገባሁ። ከማድጋው ጀርባ አንዲት ሴት ተቀምጣ ሰሃን ታጥባለች። ስታየኝ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ እግሯ ላይ ጣለችው። ያንን እጅ አውቀዋለሁ። ልክ እንደዚያ ነው የሚጣለው፤ ዝንብ የሚያባርር መስሎ።

ዓርብ፣ ጥር 22

ጎረቤታችን ናት። ከ30 ብዙም አያልፋትም፤ ሦስት ልጆች አሏት። ጠዋት ቤቷ ሄድኩ። ሳሙናውንም ይዣለሁ።

በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት ሲቆጠር ከ15 ዓመት በላይ ከሆነው ሰው ከ100 ከሦስት የሚበልጠው ይህ ሕመም ተገኝቶበታል። ስለዚህ እሷን ማግኘቴ ሊገርመኝ አይገባም ነበር። ግን እምዬ ከታመመች 50 ዓመት፣ ከተሻላት ስምንት ዓመት በኋላ፣ ከእምዬ ቤት ሁለት ቤት አልፎ፣ ያው ጓዳ፣ ያው ማድጋ።

«እምዬ ነግራኛለች» አለችኝ። «ነይ አብረን እንታጠብ ትለኝ ነበር። እኔ ግን ሰው ያየኛል ብዬ። ባሌም አልወደደውም።» ሕመሟ ገና ጅምር ነው። የእግሯ ጣቶች አብጠዋል፣ ቆዳው ሻክሯል፣ ሌሊት ያሳክካታል። በዚህ ጊዜ ከተያዘ ብዙ ርቀት ይመለሳል።

የአጎቴ ሚስት የእምዬን ሳፋ አመጣች። ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም ነበር። ውኃ ሞላን፣ በረኪናውን ጠብ አደረግን። ሴትዮዋ እግሯን ውኃው ውስጥ እስክትከት ድረስ ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ትንሿ ልጇ ከእግሯ ሥር ቁጢጥ ብላ ታያለች። ልጅቱ ባዶ እግሯን ነች።

እኔ ላጥብሽ ብላት እሺ አላለችም። ራሷ አጠበች። እኔ ሳሙናውን ብቻ አቀበልኳት። በየጣቱ መሀል ስታደርቅ የአጎቴ ሚስት «እንዲያ አይደለም፣ እምዬ በጨርቁ ጫፍ ነበር የምታስገባው» እያለች ታርማታለች። ቤቱ ውስጥ ሦስታችን ስለ እምዬ እግር ያለ ኀፍረት ስናወራ የመጀመሪያችን ነው።

ከሰዓት በኋላ ከሱቅ የብስኩት ካርቶን ለመንኩ። መሬት ላይ ዘርግቼ ቁሚበት አልኳት። በልጇ እርሳስ ዙሪያውን አሰመርኩ። ሲኮረኩራት ሳቀች። ልጅቱም «እኔስ?» አለች። የሷንም አሰመርኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

አጎቴ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘኝ። ከዚያ በባጃጅ ማርቆስ ገባሁ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ የሚነሣው ነገ ሌሊት ነው።

ጫማ ሠሪው ካርቶኖቹን ተቀብሎ ብርሃን ላይ አያቸው። በአውራ ጣቱ ጠርዙን ዳሰሰ። «ይኼ ገና ነው፣ ጥሩ ጊዜ ነው የመጣችው» አለኝ። የልጅቱን ሲያይ ደግሞ «ይኼስ?» አለ። «እሱ ጤነኛ ነው» አልኩት። «ለጤነኛ እግርማ ገበያ ሞልቷል።» «አውቃለሁ፣ ከገበያ እገዛላታለሁ። አንተ ግን ካርቶኑን አስቀምጥልኝ።»

ዋጋውን ተነጋገርን። ቀብዱን ከፈልኩ። ማክሰኞ ይደርሳል፣ አጎቴ ለገበያ ሲመጣ ይወስዳል።

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ የሴትዮዋን ስም ጠየቀኝ። ነገርኩት። «ቀኝ» ብሎ ጻፈ፣ «ግራ» ብሎ ጻፈ፤ ከመደርደሪያው በላይ፣ የእምዬ ሁለት ጥንድ ካርቶኖች ከቀሩበት አጠገብ አስቀመጠው።